«ለሚያጠቡ እናቶች አይሰጥም»፦ በአንድ ወገን ብቻ የተመዘነ ጥንቃቄ

በመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ታጥፋ የምትመጣው ትንሽ ወረቀት በጤና ባለሙያዎችም ሆነ በሕሙማን እጅ አዘውትረው ከሚገቡ የሕክምና ጽሑፎች አንዷ ናት። ይሁን እንጂ መጽሐፍ ሲታተም ወይም ጥናት ሲወጣ እንደሚደረገው ሁሉ፣ ይህች ወረቀት ስለምትናገረው ነገር ትክክለኛነትና ሚዛናዊነት ሒስ ሲቀርብባት እምብዛም አይታይም። በውስጧ ደግሞ ከፍተኛ ኃላፊነት የተሸከመ አንድ አጭር ዐረፍተ ነገር ተደጋግሞ ይገኛል፦ መድኃኒቱ ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች እንደማይሰጥ፣ ወይም ከመውሰዳቸው በፊት ሐኪም ማማከር እንዳለባቸው። እናቲቱ ሐኪሙን ታማክራለች፤ ሐኪሙም ብዙውን ጊዜ መልሶ የሚያየው ያችኑ ወረቀት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒቶች (አንቲባዮቲኮች) ለሚያጠቡ እናቶች በሚታዘዙበት ጊዜ የምንመራባቸውን ጽሑፎች በሒስ ዓይን መመርመር ነው። ከወረቀቷ ጎን ለጎን፣ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም. በጋራ ያወጡትን ስለ ጡት ማጥባትና እናት ስለምትወስዳቸው መድኃኒቶች የሚያወሳውን መመሪያ እንመለከታለን። የጸሐፊው መከራከሪያ ባጭሩ ይህ ነው፦ ጥንቃቄ ማለት ሁለት ጉዳቶችን አስቀምጦ መመዘን ነው። መድኃኒቱ በሕፃኑ ላይ ሊያደርስ የሚችለውን ጉዳት ብቻ ቆጥሮ፣ ጡት በመከልከሉ የሚደርስበትን ጉዳት ያልቆጠረ ጽሑፍ ጠንቃቃ ሊባል አይገባውም።

ሁለት ጉዳዮች በአንድ ዐረፍተ ነገር

የወረቀቷ የመጀመሪያ ስሕተት እርግዝናንና ጡት ማጥባትን በአንድ ትንፋሽ መጥራቷ ነው። ታሪኩ ግልጽ ነው። ታሊዶማይድ የተባለው መድኃኒት በፅንስ ላይ ባደረሰው ከባድ የአካል ጉዳት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1961 ከገበያ መውጣት ከጀመረ ወዲህ፣ በዓለም ዙሪያ የመድኃኒት ቁጥጥር በእጅጉ ጠብቋል። ይህም ተገቢ ነበር። ዳሩ ግን «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንዲሉ፣ ለፅንስ የተገባው ፍርሃት ያለ በቂ ምርመራ ወደሚጠባው ሕፃንም ተሻገረ።

ሁለቱ ግን በባሕርያቸው የተለያዩ ናቸው። በእርግዝና ጊዜ መድኃኒቱ ከእናቲቱ ደም በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ በቀጥታ ወደ ፅንሱ ደም ይገባል፤ ያውም የፅንሱ የአካል ክፍሎች በሚሠሩበት ጊዜ ሊሆን ይችላል። በጡት ወተት በኩል የሚመጣው መድኃኒት ግን ብዙ ደጆችን ማለፍ አለበት። በመጀመሪያ ከእናቲቱ ደም ወደ ወተቱ መሻገር አለበት፤ በደም ውስጥ ካለው ፕሮቲን ጋር አጥብቆ የሚጣመር እንደ ሴፍትሪያክሶን ያለ መድኃኒት በዚህ ደጅ የሚያልፈው በጥቂቱ ነው። ቀጥሎ በሕፃኑ ጨጓራና አንጀት ውስጥ ሳይበላሽ መመጠጥ አለበት፤ ጄንታማይሲን ወደ ወተት ቢገባም በአንጀት የሚመጠጠው እጅግ አነስተኛ ነው። በመጨረሻም የሕፃኑ ጉበትና ኩላሊት የሚያስወግዱት ክፍል አለ።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ይህን ልዩነት በመገንዘብ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣውና ከ2015 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው ደንብ፣ ለእርግዝና ያገለግሉ የነበሩትን የፊደል ምድቦች አስቀርቶ ስለ እርግዝናና ስለ ጡት ማጥባት በሁለት የተለያዩ ክፍሎች እንዲጻፍ አዝዟል። በጡት ማጥባት ክፍል ሥርም መድኃኒቱ ወደ ወተት ስለ መግባቱ፣ በሕፃኑ ላይ ስላለው ውጤትና በወተት ምርት ላይ ስለሚያደርሰው ለውጥ የሚታወቀው እንዲገለጽ፣ የማጥባት ጥቅምም ከጉዳቱ ጋር እንዲመዘን ይጠይቃል። በየመድኃኒት ቤቱ የምናገኛቸው ወረቀቶች ሁሉ ወደዚህ ደረጃ ደርሰዋል ለማለት ግን አይቻልም።

በቁጥር ሲታይ

«ወደ ጡት ወተት ይገባል» የሚለው አነጋገር ብቻውን ብዙም ትርጉም የለውም። አብዛኞቹ መድኃኒቶች በጥቂቱም ቢሆን ይገባሉና። ሊጠየቅ የሚገባው ምን ያህል ይገባል የሚለው ነው።

ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን በቀን በኪሎ ግራም ክብደቱ ወደ 150 ሚሊ ሊትር ወተት ይጠባል ተብሎ ይሰላል። አንዲት እናት 1 ግራም አሞክሲሲሊን በአፍ ከወሰደች በኋላ በወተቷ ውስጥ የተለካው ከፍተኛ መጠን በሊትር 1 ሚሊ ግራም አካባቢ ነው። እንግዲህ ሕፃኑ ቀኑን ሙሉ በዚህ ከፍተኛ መጠን ቢጠባ እንኳ በኪሎ 0.15 ሚሊ ግራም ያገኛል ማለት ነው። ያው ሕፃን የሳምባ ምች ቢይዘውና በጤና ጣቢያ አሞክሲሲሊን ቢታዘዝለት ግን በቀን በኪሎ 80 ሚሊ ግራም ይሰጠዋል። በወተት የሚያገኘው የዚህን አምስት መቶኛ ያህል ነው። ለሕፃኑ በቀጥታ ልንሰጠው የማንፈራውን መድኃኒት በእናቱ በኩል በዚህ መጠን ሲደርሰው መፍራት ምክንያታዊ አይሆንም።

ሜትሮኒዳዞልን እንውሰድ። ይህ መድኃኒት ወደ ወተት በቀላሉ ከሚገቡት ወገን ነው። 400 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ በሚወስዱ እናቶች ወተት ውስጥ በአማካይ በሊትር ወደ 15 ሚሊ ግራም ተለክቷል። በዚህ ስሌት ሕፃኑ በቀን በኪሎ 2.25 ሚሊ ግራም ገደማ ያገኛል። እናቲቱ 60 ኪሎ ብትመዝን ይህ ከእርሷ የኪሎ መጠን 11 በመቶ ያህል ስለሆነ፣ በዘርፉ በተለምዶ እንደ ወሰን የሚታየውን 10 በመቶ በጥቂቱ ያልፋል። ይሁንና ጃርዲያ ለያዘው ሕፃን ሜትሮኒዳዞል በቀን በኪሎ 15 ሚሊ ግራም፣ ለአሜባ ደግሞ 30 ሚሊ ግራም ይታዘዛል። በወተት የሚደርሰው ከአነስተኛው የሕክምና መጠን እንኳ ከስድስት አንድ እጅ ያንሳል። ከዚህ የምንረዳው ወሰን ተብሎ የተቀመጠ ቁጥር ለማመዛዘን የሚረዳ መሣሪያ እንጂ ብቻውን ፈራጅ አለመሆኑን ነው።

የ2002ቱ መመሪያ፦ ጥንካሬውና ጉድለቱ

የዓለም ጤና ድርጅትና የዩኒሴፍ መመሪያ በአሥራ አንደኛው የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ላይ ተመሥርቶ የተዘጋጀ ነው። ትልቁ ጥንካሬው በእጃችን ያሉትን መድኃኒቶች አንድ በአንድ ማንሣቱ ነው። በሀብታም አገሮች የተጻፉ ማጣቀሻዎች ከሚያትቷቸው አዳዲስና ውድ መድኃኒቶች ይልቅ፣ በጤና ጣቢያ መደርደሪያ ላይ ስለሚገኙት ይናገራል። መድኃኒቶቹንም ከማጥባት ጋር የሚስማሙ፣ የሚስማሙ ሆነው ሕፃኑን መከታተል የሚጠይቁ፣ ከተቻለ ቢቀሩ የሚመረጡና ፈጽሞ መወገድ ያለባቸው በማለት ይከፋፍላቸዋል። ማጥባትን የግድ የሚያስቋርጡ ሕክምናዎች እጅግ ጥቂት መሆናቸውንም በመግቢያው ያስረዳል። ፔኒሲሊኖችንና ሴፋሎስፖሪኖችን ያለማመንታት ከሚስማሙት ወገን መድቧል። ኮትሪሞክሳዞልን በሚመለከትም ያለ ጊዜው የተወለደውንና አንድ ወር ያልሞላውን ሕፃን ከጤነኛውና ቀኑን ጠብቆ ከተወለደው ለይቶ ማየቱ የሚመሰገን ነው።

ጉድለቶቹ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው «ከተቻለ ይወገድ» የሚለው ምድብ ነው። ለማን ነው የሚቻለው? ሌላ አማራጭ መድኃኒት በእጁ ላለው ሆስፒታል ወይስ ለአንድ ዓይነት እንክብል ብቻ ላለው ጤና ጣቢያ? መወገድ ያለበትስ መድኃኒቱ ነው ወይስ ጡቱ? መመሪያው የሚለው መድኃኒቱን ነው፤ በሥራ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚወገደው ጡቱ ሆኖ ይገኛል። ሥራ በበዛበት ክፍል ውስጥ «ከተቻለ» የሚለው ቃል ይጠፋና «ይወገድ» ብቻ ይቀራል።

ሁለተኛው ጉድለት ቁጥር አለመስጠቱ ነው። ሠንጠረዡ ፍርዱን እንጂ ፍርዱ የቆመበትን መጠን ስለማያሳይ፣ አንባቢው ራሱ እንዲያመዛዝን አያስችለውም። ለምሳሌ ሜትሮኒዳዞል ከተቻለ እንዲወገድ የተመደበው በእንስሳት ላይ ካንሰር ሊያመጣ እንደሚችል በታየ ምልክት ምክንያት ነው። ይህ ምልክት የተገኘው ለረጅም ጊዜ በከፍተኛ መጠን ከተሰጣቸው አይጦች ነው፤ ከላይ ካሰላነው የወተት መጠንና ከአንድ ሳምንት ሕክምና ጋር ያለውን ርቀት ግን ሠንጠረዡ አይነግረንም።

ሦስተኛው ዕድሜው ነው። መሠረታዊ የመድኃኒቶች ዝርዝር በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ሃያ ሦስተኛው ወጥቷል። መመሪያው ሲዘጋጅ መረጃ ስላልነበረ በጥርጣሬ የታዩ መድኃኒቶች አሉ። ሲፕሮፍሎክሳሲን ከእነዚህ አንዱ ነው። ወደ ወተት የሚገባው መጠን አነስተኛ መሆኑና በወተት ውስጥ ያለው ካልሲየም መመጠጡን የሚቀንሰው መሆኑ ታውቆ፣ ዛሬ የተሻለ አማራጭ በሌለበት ጊዜ እየተከታተሉ መስጠት ተቀባይነት አግኝቷል። ዶክሲሳይክሊንም እንዲሁ በአጭር ጊዜ ሕክምና፣ ማለትም ከሦስት ሳምንት ባልበለጠ፣ የሕፃኑን ጥርስ ያበላሻል የሚለው ሥጋት በእጅጉ ቀሏል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው ላክትሜድ የተባለ የመረጃ ቋት ያለ ክፍያ የሚገኝና በየጊዜው የሚታደስ ሲሆን፣ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ዘገባ የቀድሞ ዝርዝሩን ከማደስ ይልቅ ሐኪሞችን ወደዚሁ ቋት መርቷል።

እውነተኛ ጥንቃቄ የት ላይ ይዋል?

ያልተገባ ፍርሃትን መንቀፍ ሁሉም አንቲባዮቲክ ለሁሉም ሕፃን አንድ ነው ማለት አይደለም። እንዲያውም በየቦታው የሚበተን ማስጠንቀቂያ በእውነት የሚያስፈራውን ይሸፍነዋል። ባለሙያው ሊያስታውሳቸው የሚገቡት ጥቂት ናቸው።

ክሎራምፌኒኮል በሕፃኑ መቅኔ ላይ ሊያደርስ ከሚችለው ጉዳት የተነሣ፣ በተለይ እናቲቱ የምታጠባው ጨቅላ ከሆነ፣ በሌላ መድኃኒት ሊተካ ይገባዋል። ኮትሪሞክሳዞልና ናይትሮፉራንቶይን ያለ ጊዜው ለተወለደ፣ አንድ ወር ላልሞላው፣ ዓይኑና ቆዳው ቢጫ ለሆነ ወይም የጂ6ፒዲ ኤንዛይም እጥረት ላለበት ሕፃን እናት ባይታዘዙ ይመረጣል፤ ለጤነኛና ከፍ ላለ ሕፃን እናት ግን ሊሰጡ ይችላሉ። ኤሪትሮማይሲንን በመሰሉ መድኃኒቶችና በጨጓራ መውጫ መጥበብ መካከል ዝምድና ሊኖር እንደሚችል በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ የተደረጉ ጥናቶች ስላመለከቱ፣ በኃይል የሚያስመልሰውን ጨቅላ በቅርብ መከታተል ያስፈልጋል። ክሊንዳማይሲን የምትወስድ እናት ሕፃኗ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከታየበት ፈጥና እንድትመጣ ይነገራት። ቲኒዳዞል በአንድ ጊዜ 2 ግራም ከተሰጠ ለ72 ሰዓት ማጥባትን ማቆየት የሚመከር በመሆኑ፣ ሜትሮኒዳዞልን በተከፋፈለ መጠን መስጠት ይሻላል።

ከመድኃኒቱ ስም ይልቅ የሕፃኑ ዕድሜ እንደሚበልጥ የሚያሳይ ማስረጃም አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ ግምገማ በጡት ወተት በኩል በመጣ መድኃኒት ሳቢያ ጉዳት ደርሶባቸዋል የተባሉ የ100 ሕፃናትን ዘገባዎች መርምሮ፣ አብዛኞቹ ሁለት ወር ያልበለጣቸው ሆነው ሲያገኛቸው፣ ከስድስት ወር በላይ የሆኑት 4 በመቶ ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1993 በካናዳ የወጣ ጥናት ደግሞ ልዩ ልዩ መድኃኒት እየወሰዱ ያጠቡ 838 እናቶችን ተከታትሎ፣ 11 በመቶ በሚሆኑት ሕፃናት ላይ ቀላል ለውጥ መታየቱን፣ ሕክምና ያስፈለገው ግን አንድም አለመኖሩን ዘግቧል። አንቲባዮቲክን በሚመለከት በብዛት የታየው ለውጥ ተቅማጥ ነበር። እናቲቱ ይህንና በሕፃኑ አፍ ውስጥ የሚወጣውን የሻጋታ ነጭ ልባስ አስቀድማ ካወቀች፣ ባየች ጊዜ ጡቷን በፍርሃት አትነሣም።

በሚዛኑ ሌላ ወገን ያለው

አሁን ወረቀቷ ወደማትቆጥረው ወገን እንምጣ። «ለሰባት ቀን ብቻ ቢቋረጥ ምን ይጎዳል?» የሚል ጥያቄ ከባልደረቦች ሲነሣ ይሰማል። ያልታለበ ጡት ወተቱ ይቀንሳል፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የቀነሰውን መመለስ ቀላል አይደለም። ጡጦ የለመደ ሕፃን ጡት አልይዝም ሊል ይችላል። ወተቱን በእጅ እያለቡ መድፋት በጽሑፍ ሲታይ ቀላል ቢመስልም፣ የቤት ሥራና የመስክ ሥራ ለተደራረበባት እናት ብዙ ጊዜ የማይሆን ነው። በምትኩ የሚመጣው ደግሞ በውኃ የቀጠነ የላም ወተት፣ በበቂ ያልታጠበ ጡጦ፣ ከዚያም ተቅማጥ ነው። በአገራችን ከስድስት ወር በታች ካሉ ሕፃናት ጡት ብቻ የሚጠቡት፣ በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ከነበረበት 49 በመቶ በ2019 ወደ 59 በመቶ ደርሷል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ የገነቡትን በአንድ የመድኃኒት ቤት መስኮት ላይ በተነገረ ቃል ማፍረስ አይገባም።

ከሁሉ የሚከፋው ጡቷ ለተቃጠለና ላበጠ እናት የሚሰጠው ምክር ነው። ሕክምናዋ ራሱ ማጥባቷን መቀጠሏ ሆኖ ሳለ፣ ክሎክሳሲሊን ታዞላት «እስክትጨርሺ አታጥቢ» ትባላለች። ወተቱ በጡቷ ተጠራቅሞ ሲቀር ሕመሙ ይባባሳል፤ መግል ወደ መቋጠርም ሊያደርስ ይችላል። የጡት ማጥባት ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው መመሪያ አንድ እርምጃ አልፎ፣ የጡት ብግነት ሁሉ በባክቴሪያ የሚመጣ ባለመሆኑ ሁልጊዜ አንቲባዮቲክ እንደማያስፈልገው፣ ማጥባት ግን በተለመደው መንገድ መቀጠል እንዳለበት ያስገነዝባል። ስለዚህ ከ«ይህ መድኃኒት ለምታጠባ እናት ይሆናል ወይ?» በፊት «አንቲባዮቲክ ያስፈልጋታል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ይቀድማል።

ሌላም በዝምታ የሚታለፍ ጉዳት አለ። ከመድኃኒቱና ከልጅሽ ጡት አንዱን ምረጪ የተባለች እናት ልጇን ልትመርጥ ትችላለች። እንክብሉን ሳትናገር ትተወዋለች፤ ወይም ሁለት ቀን ወስዳ ታቆመዋለች። የማሕፀን ኢንፌክሽኗ ወይም የሳምባ ምቿ ሳይድን ይቀራል፤ ባክቴሪያውም መድኃኒቱን ለመላመድ ዕድል ያገኛል። ሕፃኑን ይጠብቃል የተባለው ቃል እናቱን ለአደጋ አጋለጠ ማለት ነው።

በአሠራራችን ያለውን ተቃርኖም ልብ ማለት ይገባል። የሳምባ ነቀርሳ ያለባት እናት በመጀመሪያ ደረጃ መድኃኒቶች ለስድስት ወር ስትታከም ጡት እንድታጠባ እንመክራታለን፤ ሕፃኑን ከበሽታው ለመከላከል የሚያስፈልገውንም እናደርጋለን። ይህ ትክክል ነው። አራት ዓይነት መድኃኒት ለምትወስደው እናት የፈቀድነውን ማጥባት፣ ለሰባት ቀን አሞክሲሲሊን ለምትወስደው ስንከለክል ግን የምንመራው በሳይንስ ሳይሆን በልማድ ነው።

ምን ተብሎ ይጻፍ?

ሒስ ጉድለትን በማሳየት ብቻ ሊያበቃ አይገባውም። ስለ አንድ አንቲባዮቲክና ስለምታጠባ እናት የሚጻፍ ማስጠንቀቂያ፣ በመድኃኒት ካርቶን ውስጥም ሆነ በመመሪያ ሠንጠረዥ ላይ፣ ቢያንስ አምስት ጥያቄዎችን ሊመልስ ይገባዋል። ሕፃኑ በወተት የሚያገኘው መጠን ለራሱ ከሚታዘዝለት መጠን ጋር ሲነጻጸር ስንት ነው? ጥንቃቄው የሚመለከተው በየትኛው ዕድሜና በምን ሁኔታ ላይ ያለውን ሕፃን ነው? እናቲቱ በሕፃኑ ላይ የትኛውን ምልክት ትከታተል? መድኃኒቱ የማይስማማ ከሆነ በምን ይተካ? ማጥባት የግድ መቋረጥ ካለበትስ ለስንት ሰዓት ነው፤ ወተቱስ እንዳይደርቅ ምን ይደረግ? እነዚህን የማይመልስ ክልከላ ኃላፊነትን ከጸሐፊው ትከሻ አውርዶ በእናቲቱ ላይ ከመጫን አያልፍም።

ወረቀቶቹ እስኪታረሙ ድረስ ግን ሥራው በእኛ እጅ ነው። መድኃኒት የሚያዘው ባለሙያ በማዘዣው ላይ «ታጠባለች፤ ማጥባቷን ትቀጥል» ብሎ አንድ መስመር ቢጨምር፣ ፋርማሲስቱ በመስኮቱ በኩል ተቃራኒውን ከመናገሩ በፊት ይጠይቃል። ፋርማሲስቱም «ልጅሽ ስንት ወሩ ነው? ጤነኛ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የትኛውም ወረቀት ያልጠየቀውን ዋነኛ ጥያቄ ጠየቀ ማለት ነው። ለአብዛኞቹ እናቶች የሚሰጠው ትክክለኛ መልስ አጭር ነው፦ መድኃኒትሽን ጨርሺ፤ ልጅሽንም አጥቢ።